ስሞግ የወደቀች መኪና፤ መጀመሪያ ወረቀቷ ይነበብ

(በሎስ አንጀለስ ለኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ታላላቆቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከሥራ መልስ ከትራፊኩ ጋር ታግላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፓርኪንጉን አየት አድርጌ ነው የገባሁት። ካምሪና ኮሮላ ሞልቶታል። ስለዚህ የት እንዳለሁ አውቄያለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በየሁለት ዓመቱ ስሞግ፣ ማለትም የጭስ ምርመራ፣ ታስገባላችሁ፣ መኪናዋ ትወድቃለች፣ ፈታኙ ወረቀት ያትምላችኋል። ወረቀቱ በቁጥር የተሞላ ነው። እኛ ግን የምናየው «ፌይል» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈን ኪሳችን እንከተዋለን። መካኒክ ጋ ሄደን «ስሞግ ወድቃብኛለች፣ አንድ ነገር አድርግልኝ» እንላለን። መካኒኩም ወረቀቱን ሳይጠይቅ «ካታሊቲኩ ነው» ይላል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጭስ አጽጂ ዕቃ ማለቱ ነው።

እውነት ካታሊቲኩ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ግን ካታሊቲክን የምጠረጥረው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያ ወረቀት የላብራቶሪ ውጤት ማለት ነው። ሐኪም የደም ውጤታችሁን ሳያይ «ቀዶ ጥገና ግቡ» ቢላችሁ ትገባላችሁ? አትገቡም። ለመኪናችሁ ግን በየጊዜው እሺ ትላላችሁ።

አንድ ነገር ላጥራ። የማወራው በተለይ ከ1976 እስከ 1999 ስለተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። እነዚህ መኪኖች እዚህ ሎስ አንጀለስ የሚፈተኑት ጎማቸው ሮለር ላይ ወጥቶ፣ ጭስ ማውጫቸው ውስጥ መለኪያ ገብቶ ነው። ከ2000 ወዲህ ያሉት ግን ኮምፒውተራቸው ላይ ገመድ ተሰክቶ ይጠየቃሉ እንጂ ጭሳቸው አይለካም። ስለ እነሱ በኋላ ትንሽ እላለሁ።

ካሊፎርኒያ ለምን እንዲህ ታካብዳለች የሚል ሰው አይጠፋም። ምክንያት አላት። በ1943 በጋ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ይህችን ከተማ ሸፈናት። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ጃፓን በጋዝ መታችን ብሎ የደነገጠም ነበር። ከተማዋ በተራራ የተከበበች ናት። ከላይ የሚቀመጠው ሞቃት አየር የታችኛው እንዳይወጣ ያግደዋል። ጭጋጉ ከምን እንደሚመጣ የደረሱበት በካልቴክ የነበሩት ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ናቸው። ሰውዬው ከዚያ በፊት የአናናስን ጣዕም ያጠኑ ነበር። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ የሚወጣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ፀሐይ ሲመታው ኦዞን እንደሚፈጥር በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳዩ። በ1966 የጭስ ገደብ ወጣ። በ1975 ካታሊቲክ ኮንቨርተር በአዲስ መኪኖች ላይ መጣ። በ1984 ዛሬ የምናውቀው የስሞግ ምርመራ ተጀመረ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። መኪናዋ ሮለሩ ላይ ሁለት ጊዜ ትሮጣለች። አንዴ በሰዓት 15 ማይል፣ አንዴ 25 ማይል። 15 ማይሉ ላይ ጭነቱ ይከብዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። በየመስመሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤችሲ፣ ሲኦ፣ ኤንኦ ተብለው የተጻፉ ሦስት ጋዞች ታያላችሁ። ኤችሲ ሃይድሮካርቦን ነው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማለት። ሲኦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ በግማሽ የተቃጠለ። ኤንኦ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፣ በጣም በጋለ ሞተር ውስጥ የአየሩ ናይትሮጅን ራሱ ሲቃጠል የሚመጣ። ለእያንዳንዱ የተፈቀደው ከፍተኛ ቁጥር አለ፣ ከናንተ መኪና የተለካው አለ።

ከነሱ አጠገብ ሌሎች ሁለት ቁጥሮች አሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን። በነዚህ አትወድቁም። ስለዚህ ማንም አያያቸውም። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ጤነኛ ሞተር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 14 ወይም 15 በመቶ አካባቢ ነው፣ ኦክስጅኑ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ካለ ቃጠሎው ልክ አይደለም ወይም የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። ኦክስጅኑ 2 እና 3 በመቶ ከሆነ ደግሞ ወይ ማርሚታው ተቀዷል፣ ወይ አንዱ ሲሊንደር አይቃጠልም፣ ወይ ሞተሩ አየር በዝቶበታል። ይህን ሳታውቁ የሌሎቹን ቁጥሮች ትርጉም ብትፈልጉ ትሳሳታላችሁ። ቤንዚን ልክ የሚቃጠለው 1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ሲያገኝ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ይህን ልኬት ለመጠበቅ ነው።

ሲኦ ከፍ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ነዳጅ በዝቷል። ሌላ ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። ለምን በዛ ነው ጥያቄው። ኦክስጅን ሴንሰሩ አርጅቶ ዘገምተኛ ሆኗል? ኢንጀክተር ያንጠባጥባል? የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ውስጡ ተቀዶ ቤንዚን በቫኩም ቱቦው እየተመጠጠ ነው? ይቺን የመጨረሻዋን ማንም ሰው ቤቱ ማየት ይችላል። ቀጭኗን ቱቦ ከመቆጣጠሪያው ንቀሉ፣ ቤንዚን ከሸተተች ወይም ከረጠበች ጉዳዩ አለቀ።

ሲኦ ላይ አንዲት የአገር ቤት ልማድ ላንሳ። ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን የውሃ ቫልቭ) አውጥቶ መጣል። አንዳንዶቻችን ያንን እውቀት ይዘን ነው ውቅያኖስ የተሻገርነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ያስባል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲኦ ይሰቀላል። ነዳጃችሁም ይበላል። ቴርሞስታት ርካሽ ዕቃ ነው። መልሷት።

ዘይትም እንዳትረሱ። ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ዘይት ውስጥ ቤንዚን ይጠራቀማል። ሲግል ይተናል፣ ፒሲቪ በሚባለው የትነት መመለሻ ቫልቭ በኩል ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሲኦ ገደቡን በትንሹ ብቻ አልፎ ከሆነ ዘይትና ፊልትሮ ቀይራችሁ ድጋሚ ሞክሩ። በዚህ ብቻ ያለፉ አሉ።

ኤችሲ ብቻውን ከፍ ብሎ ሲኦ ዝቅ ካለ፣ ኦክስጅኑም ከፍ ካለ፣ የሆነ ሲሊንደር እየዘለለ ነው። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳን። ወይም አየር የምታስገባ የተሰነጠቀች ቱቦ። አየር ሲበዛ ቅይጡ ይሳሳና ሳይቃጠል ይወጣል። ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ከዘለለ ኮምፕረሽን፣ የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት፣ ይለካ። የተቃጠለ ቫልቭ ወይም ያለቀ ፋሻ በካንዴላ አይድንም። ይሄ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ጥሩ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።

የምቆየው ኤንኦ ላይ ነው። እዚህ ከተማ አሮጌ ቶዮታ ስትወድቅ ብዙ ጊዜ የምትወድቀው በኤንኦ ነው። ባለቤቱም በጣም ግራ የሚጋባው በሱ ነው። ለምን ቢባል፣ መኪናዋ ምንም አትልም። አትንቀጠቀጥም፣ አትጨስም፣ ነዳጅ አትበላም። እንዲያውም ደህና ትሄዳለች።

አንድ አባት 1994 ካምሪ አመጡልኝ። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 5ኤስ-ኤፍኢ የሚባለው ሞተር። ሌላ ቦታ አሳይተው «ካታሊቲኩ ሞቷል» ተብለዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገጠም ካታሊቲክ በስቴቱ የአየር ቦርድ የጸደቀ መሆን አለበት። በሌላ ስቴት የሚሸጠው ርካሹ እዚህ ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ የተጠየቁት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ወረቀቱን ጠየቅኳቸው። ከጓንት ሳጥኑ ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ።

በ15 ማይሉ ላይ ኤንኦ ከተፈቀደው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ኤችሲ ከገደቡ በጣም በታች። ሲኦ ከምንም የማይቆጠር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 15 በመቶ፣ ኦክስጅን ከግማሽ በመቶ በታች። እስቲ አብረን እናስብ። ካታሊቲኩ ሞቶ ቢሆን ኤችሲና ሲኦ እንዲህ ዝቅ ይላሉ? እነሱንም የሚያጸዳው እሱ ነው። አየር በዝቶ ቢሆን ደግሞ ኦክስጅኑ ከፍ ይል ነበር። አላለም። ስለዚህ ቅይጡም ካታሊቲኩም ደህና ናቸው፣ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ከልክ በላይ ሙቀት አለ። ኤንኦ በብዛት የሚፈጠረው ቃጠሎው ወደ 1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው። ታዲያ ያንን ሙቀት ማውረድ የነበረበት ማን ነው?

ኢጂአር ነው። ከጭሱ ትንሽ ቀንሶ ተመልሶ ሞተር ውስጥ የሚያስገባ ቫልቭ ነው። ጭሱ አንዴ ተቃጥሏል፣ ድጋሚ አይቃጠልም። ቦታ ይይዛል፣ ሙቀት ይውጣል፣ ቃጠሎውን ያቀዘቅዛል። በዚህ ሞተር ላይ ቫልቩ ብዙም አይበላሽም። የሚደፈነው ጭሱ የሚያልፍባት ጠባብ መንገድ ናት። ለዓመታት ጥቀርሻ ይጋገርባታል።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የኢጂአሩን ቱቦ ነቅላችሁ በእጅ ፓምፕ ቫኩም ትሰጡታላችሁ። ቫልቩ ይከፈታል፣ በሚኒሞ ላይ ጭስ ሲገባበት ሞተሩ መንተክተክ ወይም መጥፋት አለበት። የአባታችን ካምሪ ምንም አላለችም። ቫልቩ ሲከፈት በጣቴ ይሰማኛል፣ ሞተሩ ግን ፀጥ ብሎ ይሠራል። መንገዱ ተደፍኗል ማለት ነው። ፈታን። ቀዳዳዋ እርሳስ የምታስገባ መሆን ሲገባት ሽቦ እንኳ አላሳልፍ አለች። በሽቦና በካርቡራተር ማጽጃ ጠረግን፣ ጋስኬት ቀየርን፣ የቫኩም ሞዱሌተሩን (ለኢጂአሩ ቫኩም የሚመጥነውን ዕቃ) ፊልትሮ አጸዳን።

እዚህ ላይ አንድ ብልጥ ሰው «ቼክ ኢንጂን መብራት ለምን አልበራም?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለካሊፎርኒያ የተሠሩት የዚያ ዘመን ካምሪዎች የኢጂአር ሙቀት መለኪያ ሴንሰር አላቸው፣ ሲደፈን ኮድ 71 ይሰጣሉ። የሳቸው ከሌላ ስቴት ነው የመጣችው። ሴንሰሩ የላትም። መብራት የለም ማለት ብልሽት የለም ማለት አይደለም።

በዚያ አላበቃንም። ታይሚንጉን፣ ማለትም የካንዴላው እሳት የሚነሳበትን ጊዜ፣ አየን። በዚህ ሞተር የምርመራ ሳጥኑ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት በሽቦ ይገናኙና በሚኒሞ 10 ዲግሪ መሆን አለበት። የሷ 13 ነበር። አንድ ሰው «ጉልበት ትጨምር» ብሎ ዲስትሪቢዩተሩን ጠምዝዞታል። በስሞግ ምርመራ ሦስት ዲግሪ ያህል ልዩነት ስለሚታለፍ በታይሚንግ አልወደቀችም። ግን እሳቱ ቀድሞ በተነሳ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ኤንኦም አብሮ ይጨምራል። ወደ 10 መለስነው። ድጋሚ ስትፈተን ኤንኦ ከገደቡ ግማሽ በታች ወረደ። ያ «የሞተ» ካታሊቲክ እስካሁን ሥራ ላይ ነው።

ካታሊቲኩ በእርግጥ የሚጠረጠረው መቼ ነው? ሦስቱም ጋዞች አንድ ላይ ከፍ ሲሉ፣ ሞተሩ ደግሞ በደንብ እየሠራ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ። ኤንኦም ሲኦም አብረው ከፍ ካሉ በጣም ያጠራጥራል። ነዳጅ የበዛበት ሞተር በተፈጥሮው ኤንኦው ዝቅተኛ ነው፣ ሁለቱ አብረው የሚወጡት አጽጂው ሲደክም ነው። ከተቀየረም በፊት የገደለው ነገር ይፈለግ። ካታሊቲክ ዝም ብሎ አይሞትም። ሳይቃጠል የሚገባበት ቤንዚን ያቀልጠዋል፣ ዘይት የሚበላ ሞተር ይለብጠዋል። ምክንያቱን ሳታስተካክሉ አዲስ ከገጠማችሁ በሁለት ዓመት ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

እርሳስ ያለበት ቤንዚንም ገዳዩ ነበር። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ያንን ቤንዚን ያቆመው እስከ 2005 መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። አገር ቤት «ካታሊቲክ ምን ያደርጋል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ አውጣው» የሚለው ወሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። እዚህ ያወጣ ሰው ሮለሩ ላይ እንኳ ሳይወጣ ይወድቃል። ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ያያል።

ስለ ፈተናው ቀንም ጥቂት ልበል። ካታሊቲክ መሥራት የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከቤታችሁ ሁለት ብሎክ ነድታችሁ አትግቡ። 20 ደቂቃ ፍሪዌይ ላይ ንዱ፣ ደርሳችሁም ሞተሩን አጥፍታችሁ ወረፋ አትጠብቁ። በጠርሙስ የሚሸጡትን «ስሞግ ያሳልፋል» የሚሏቸውን ፈሳሾች በተመለከተ፣ የተደፈነ ኢጂአር የሚከፍት ጠርሙስ እስካሁን አላየሁም። ገንዘባችሁን ለካንዴላ አውሉት።

መኪናችሁ የ1996 ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነች ባትሪ ነቅላችሁ ወይም ኮድ አጥፍታችሁ በማግስቱ አትሂዱ። ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ካልጨረሰ ትመለሳላችሁ። ከ1996 እስከ 1999 ላሉት አንድ ያላለቀ ፍተሻ ይታለፋል። ከ2000 ወዲህ ላሉት የቤንዚን ትነቱ ፍተሻ ብቻ ነው የሚታለፈው። ጥቂት ቀን በከተማም በፍሪዌይም ነድታችሁ ሂዱ።

ገንዘብ ላጠራቸው ደግሞ ስቴቱ የጥገና እርዳታ አለው። ገቢን ያያል። ማመልከቻው የሚገባው ከጥገናው በፊት ነው። አሠርቶ ደረሰኝ ይዞ መሄድ አይሠራም፣ በዚህ የተቃጠሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከመጨረሴ በፊት፣ እኛ መኪና የምንገዛዛው በወገን እምነት ነው። «ወንድሜ፣ ስሞግ ታልፋለች፣ ችግር የለባትም» ይባላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ከዚያ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ላይ ጸብ ይነሳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሞግ የማሳለፍ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው። ወረቀቱም ከ90 ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት። በዚያ ላይ የታርጋውን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ስሞግን በሚቆጣጠረው የስቴቱ ቢሮ ድረ ገጽ የመኪናዋን የስሞግ ታሪክ ማየት ትችላላችሁ። መቼ እንዳለፈች፣ መቼ እንደወደቀች። ሁለት ሦስት ጊዜ ወድቃ በማግስቱ ያለፈች መኪና ካያችሁ ሻጩን ምን እንደተሠራላት ጠይቁት። ዘመድም ቢሆን።

ከኋላ እጅ ተነስቷል። ጥያቄው «መኪናዬ 30 ዓመት ሞልቷታል፣ ከእንግዲህ ነፃ ናት አይደል?» ነው። አይ፣ አይደለችም። ድሮ እንደዚያ ነበር፣ 30 ዓመት የሞላት ትወጣ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን መስመሩ 1975 ላይ ቆሟል፤ በዕድሜ ነፃ የሚሆኑት የ1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩት ናቸው። ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችሁ 25 ዓመት የሞላት መኪናውን አይፈተንባትም፣ እሱ ያለው እውነት ነው፣ ለሱ። እዚህ የናንተ 1994 መኪና ዘንድሮም ትፈተናለች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ትፈተናለች።